እርጥብ ላይ የፈሰሰ ቀለም

ሰኞ ጧት የቀለም ፋብሪካው መጋዘን ሲከፈት፣ ዋናው ሒሳብ ሹም በበርሜሎች መሐል በጎኑ ወድቆ፣ አንድ ጉንጩን ሲሚንቶው ላይ አሳርፎ ተገኘ። ላየው እንቅልፍ የወሰደው ይመስል ነበር። ግን ጤነኛ ሰው ከነሸሚዙ፣ ከነጫማው ሰማያዊ ቀለም ውስጥ አይተኛም። ጀርባው ላይ አንድ በርሜል ተጋድሟል። ቀለሙ ከሥሩ ተንጣልሎ እስከ በሩ ሄዷል።

ሠራተኛው ይህን ሰው «ሚዛን» ይለው ነበር። በቀልድ የወጣ ስም አልነበረም። ደመወዙ የተዛነፈበትም፣ ያጠራቀማትን ገንዘብ የት እንደሚያኖራት የጨነቀውም፣ ከባልደረባው ጋር በሒሳብ የተጣላውም የሱ ቢሮ በር ላይ ይቆም ነበር። «ሚዛን ካለ አለቀ» ይባላል። እሱም ለሁሉም መነጽሩን ወደ ግንባሩ ከፍ አድርጎ ያደምጥ ነበር።

ኢንስፔክተሩ ሲደርሱ ፀሐይዋ ገና አልሞቀችም። ጡረታቸው የተቃረበ፣ ጉልበታቸው ደረጃ ባየ ቁጥር የሚያጉረመርም ሰው ናቸው። ጣቢያው ውስጥ «ጋሽ ቀስ» ይሏቸዋል፤ በፊታቸው ግን የሚደፍር የለም። ከሳቸው ጋር የምትሠራው ሳጅን ብቻ በፊታቸውም ትላቸዋለች።

«ጋሽ ቀስ፣ ቀለሙን እንዳይረግጡት። ያንን ጫማ ለመግዛት ስንት ወር እንዳሰቡበት አውቃለሁ።»

«አንቺ ጫማዬን ትተሽ በሮቹን እይልኝ።»

«አይቻለሁ። የተሰበረ ነገር የለም። የፊተኛውን በር ዛሬ ጧት ነው የከፈቱት። ዘበኛው ትናንት እሁድ በዋናው በር ድርሽ ያለ ሰው አልነበረም ይላል። የኋላው፣ መኪና የሚጫንበት በር፣ ከውጭ ተቆልፏል። ሟቹ ኪስ ውስጥ ግን ቁልፍ የለም።»

«እንግዲያው ያስገባው ሰው አለ» አሉ ኢንስፔክተሩ። «ሲወጣም የቆለፈበት።»

ከበሩ ውጭ አንድ አጭር ሰው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዟል። ወገቡ ላይ የቁልፍ ዘለላ ተንጠልጥሏል። የመጋዘኑ ኃላፊ ነው፤ «ቁልፌ» ይሉታል። ሬሳውን ያገኘው እሱ ነው። ሟቹ ደግሞ የእህቱ ባል ነው።

«ባልከፍተው ኖሮ» ይላል እየተወዛወዘ። «ምነው ባልከፍተው ኖሮ…»

ኢንስፔክተሩ ትከሻውን ዳበስ አድርገውት ገቡ። ከነጉልበታቸው ጎንበስ አሉና የሟቹን እጅጌ በሁለት ጣታቸው ያዙ። ቀለሙ ጨርቁ ውስጥ መጥለቅ ሲገባው፣ እንደ ወተት ስልባቦት ተገፎ እጃቸው ላይ ቀረ። ከሥሩ ያለው ሸሚዝ ነጭ ነበር። ነጭ፣ ደግሞም እርጥብ።

«ምን አገኙ?» አለች ሳጅኗ።

«እንጃ። ላብ ይሆናል።»

«የሞተ ሰው ያልበዋል እንዴ?»

«እኔም እሱን ነው የማስበው።»

*

ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ የሚወስደው ኮሪደር በማስታወቂያ ተሞልቷል። የሳቀች ሴት፣ የተቀባ ቤት፣ የተቀባ አጥር። ከአንዱ ሥር በትልቁ «እርጥብ ግድግዳ ቀለም አይዝም፤ ሲደርቅ ይቀቡ» ይላል። ኢንስፔክተሩ ቆም ብለው አነበቡት። የራሳቸው ማድ ቤት ግድግዳ ትዝ አላቸው። ሚስታቸው በሕይወት ሳለች «ይድረቅ፣ አትቸኩል» እያለቻቸው ቀብተውት በሳምንቱ እንደ ሙዝ ልጣጭ የወረደው ግድግዳ። እሳቸው በዕድሜያቸው የቸኮሉት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ልብሱ የተተኮሰ፣ ድምፁ የለሰለሰ ሰው ነው። ዓይኑ ቀላ ብሏል።

«እንደ ወንድሜ ነበር» አለ። «ግን እስቲ ይፍረዱኝ፣ ሒሳብ ሹም እሁድ ቀን መጋዘን ምን ይሠራል? ከዕቃው ይጎድል ነበር። ለቤተሰቡ ስል ነው አፌን የያዝኩት።»

«አሁን ለቀቁት እኮ።»

«ለእርስዎ ብቻ ነው። የሥራ አደጋ ተብሎ ይመዝገብ። ለባለቤቱ ካሳ እንከፍላለን፤ ስሙም አይነሣም። የሞተ ሰው ምን ያደርግላችኋል?»

«የሞተ ሰው ለኛ እንጀራችን ነው» አለች ሳጅኗ።

ኢንስፔክተሩ ገላመጧትና «እሁድ የት ነበሩ?» አሉት።

«ሆቴል። አክሲዮን ለሕዝብ ልንሸጥ ስለሆነ ስብሰባ ላይ ነበርኩ፤ ከጧት እስከ ማታ። መቶ ሰው አይቶኛል።»

«አክሲዮኑን ማን ይገዛል?»

«የፈለገ ሁሉ። ቅድሚያውን ግን ለሠራተኞቻችን ሰጥተናል። ያላቸውን ሁሉ አሟጠው እያመጡ ነው። እምነት ነው ኢንስፔክተር! ሚዛን ሒሳቡን ፈርሞ ሲያወጣው ደግሞ…» ንግግሩን ገታ አደረገ። «ዛሬ ነበር የሚፈርመው። ኦዲተሮቹም ንብረት ሊቆጥሩ የሚመጡት ዛሬ ነበር።»

«የኋላው በር ቁልፍ ማን ጋ ነው ያለው?»

«አንዱ እኔ ጋ፣ አንዱ ቁልፌ ጋ።»

ሲወጡ ሳጅኗ ሆቴሉ ጋ ደወለች። ሰውየው አልዋሸም። እሁድ ሙሉውን መድረክ ላይ ነበር፤ ፎቶግራፉም አለ።

«ጥርሱ ሁሉ በፎቶው ይታያል» አለች ስልኩን እየዘጋች። «አሁን ግን ደስ የሚልዎ ነገር አለኝ። ከዚህ የተባረረ አንድ ቀለም ቀማሚ አለ። በሠራተኛው ፊት ሚዛንን ‹አንድ ቀን ቀለም ውስጥ እደፍቅሃለሁ› ብሎታል።»

«ይህ ደስ ይላል እንዴ?»

«ሥራ ያቀላላ!»

*

የተባረረውን ሰውዬ «በጥብጥ» ይሉታል፤ ለሥራውም ለጠባዩም። ያገኙት የአንዲት ሴትዮ ቤት አጥር አጠገብ፣ መሰላል ላይ፣ ብሩሽ ይዞ ነው።

«ብለሃል ወይስ አላልክም?» አለችው ሳጅኗ ከታች።

«ብያለሁ። እናቴንም ስናደድ እገልሻለሁ እላታለሁ፤ ይኸው ሰማንያ ዓመቷን ደፈነች።»

«እሁድ የት ነበርክ?»

«እዚሁ መሰላል ላይ። ባለቤቷን ጠይቋት። ከሥሬ ቆማ ‹እዚህ ጋ ሳስቷል፣ እዚያ ጋ ወፍሯል› ስትለኝ ነው የዋለችው። ገዳይስ እሷ ናት።»

«ዛሬም ሳስቷል!» የሚል ድምፅ ከመስኮቱ መጣ።

ኢንስፔክተሩ ፈገግ አሉ። «ለምን ተባረርክ?»

በጥብጥ ከመሰላሉ ወረደ። ቀልዱ ከፊቱ ላይ ጠፋ። «ስለጠየቅሁ። ሰማያዊው የሚቀመምበት ዱቄት ከውጭ ነው የሚመጣው። መምጣት ካቆመ ከርሟል። እኔ ቀማሚው እጄን አጣጥፌ ቁጭ ብያለሁ። መጋዘኑ ግን በርሜል እስከ ጣሪያው! ‹ማን ቀመመው? መልአክ ነው እንዴ?› አልኩ። በማግስቱ የስንብት ደብዳቤ ሰጡኝ። የፈረመው ሚዛን ነው። ሲሰጠኝ ዓይኑን ከጠረጴዛው አላነሳም። እሱ፣ ለዘበኛው ልጅ እንኳ ዓይን ዓይኑን እያየ የሚያወራ ሰው! ያ ነው ያናደደኝ። ያን ቀን ነው የዛትኩበት።» ብሩሹን ጣሳው ጠርዝ ላይ ጠረገ። «አሁን ሳስበው፣ አፍሮ ነው። እኔ ደግሞ ንቀት መስሎኝ…»

«በል በርታ» አሉት ኢንስፔክተሩ።

ጥቂት እንደሄዱ ከኋላቸው ጮኸ። «ደግሞ ጋሼ፣ እኔ ብገድለው ቀለም አላባክንም ነበር! የሙያው ሰው ቀለም አይደፋም!»

ሳጅኗ ሳቀች። ኢንስፔክተሩ ግን አልሳቁም። ቀለም የሚደፋ ሰው ምን ቢጨንቀው ነው እያሉ መንገዱን ጨረሱት።

*

የሟቹ ቤት ከጎረቤት በውሰት በመጣ ወንበር ተጨናንቋል። ከማድ ቤቱ በኩል የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ድምፅ ይሰማል፤ ከሥሩ ጎድጓዳ ሳሕን ተቀምጧል። ሚስቱ ኢንስፔክተሩን ወደ ጓዳ ወሰደቻቸው። ለቅሶዋ አልቆ ድካሙ ብቻ የቀረላት ትመስል ነበር።

«እንቅልፍ አልነበረውም» አለች። «ሦስት ዓመት ሆነው። ተነሥቶ አልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጣል። ምን ሆነሃል ስለው ‹ቁጥር ነው› ይለኛል። ሰሞኑን ደግሞ ሰዎች እቤት ድረስ መምጣት ጀመሩ። የፋብሪካው ጽዳት ሠራተኛ ‹ጋሼ፣ አክሲዮኑን ልግዛ?› አለችው። ‹ቆዪ› አላት። ከሸኛት በኋላ እዚህ ቆሞ አለቀሰ። ባሌ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ነው።»

«እሁድስ?»

«ምሳ በልቶ ወጣ። ማታ መጥቼ ያን ቧንቧ አጠብቀዋለሁ ብሎኝ ነበር።» ወደ ማድ ቤቱ ተመለከተችና መሬት መሬት አየች። «ጋሼ፣ ሌባ ነበር እየተባለ ነው አሉ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ለኔ ፊት ለፊት የሚነግረኝ የለም። ካሳ እንሰጥሻለን ብለው ሰው ልከውብኛል። ካሳውን አልፈልግም። ባሌ ምን እንደነበረ ብቻ ንገሩኝ። ልጆቼ አንገታቸውን ይድፉ ወይስ ቀና ይበሉ? እሱን ብቻ።»

ኢንስፔክተሩ ወደሷ ዞሩ። «እነግርሻለሁ እህቴ። ክፉም ቢሆን፣ ደግም ቢሆን እነግርሻለሁ።»

በተገለጠው በር በኩል ቁልፌ ለእንግዶች ሻይ ሲያድል ይታያል። የለበሰው ሸሚዝ ሰፍቶታል፤ እጅጌው ሁለት ጊዜ ታጥፏል።

«እሱ ባይኖር ምን ይውጠኝ ነበር» አለች ዓይናቸውን ተከትላ። «እናታችን ስትሞት ዳዴ ይል ነበር። በጀርባዬ ነው ያደገው። እሁድም ባለቤቴ ሲዘገይ አብሮኝ የጠበቀ እሱ ነው፤ እራቱን እንኳ ሳይነካ።»

«እሁድ እዚህ ነበር?»

«አዎ። በስብሶ መጣ። ሠፈራቸው ቧንቧ ፈንድቶ ሲደፍን ነው። የባለቤቴን ሸሚዝ ቀየርኩለት። ይኸው እስካሁን አላወለቀውም። ጋሽዬ እያለ ነው የኖረው፤ ትዝ እያለው ነው።»

ኢንስፔክተሩ ከዚያ በላይ አልጠየቁም። ሻይ ቀረበላቸው። ቁልፌ ስኳሩን ሁለት ጊዜ ጨመረበት። ሐዘን ነው ብለው ተቀበሉት።

*

በማግስቱ መጋዘኑ ውስጥ ኢንስፔክተሩ የወደቀውን በርሜል ራሳቸው አቀኑት። አፉ ዙሪያ ሰማያዊ ነው። ጣታቸውን ወደ ውስጥ አስገብተው ሲያወጡት ግን የወጣው ዝገት ነበር።

«ዘይት ያለበት ቀለም ብረት ያዝጋል?» አሉ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረው።

«ምን አውቄ!»

«የቀለም ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ነዎት ብዬ ነው።»

በርሜል የሚያነሣው መኪና ሾፌር ተጠራ። ከፊት ያሉት ሁለት ረድፎች ሲከፈቱ ቀለም ናቸው፤ ወፍራም፣ የሚሸት፣ ደህና ቀለም። ከኋላቸው ያለው ወርዶ ክዳኑ ሲፈታ ሾፌሩ ራሱ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ውሃ ነው። ቀጣዩም ውሃ። እስከ ግድግዳው ድረስ፣ እስከ ጣሪያው ድረስ የተደረደረው ሁሉ ውሃ ነው። ኦዲተሮቹ በየዓመቱ መጥተው የፊተኞቹን አስከፍተው፣ የኋለኞቹን በጣታቸው እየጠቆሙ ቆጥረው ሄደዋል። ባንኩም ያንን አይቶ አበድሯል። የጽዳት ሠራተኛዋም ያላትን ልታመጣ የነበረው ለዚህ ውሃ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ዓይኑን በጨው አጥቦ «እኔ አላውቅም!» አለ። «ሚዛን ነው! ሒሳቡን የያዘው እሱ ነው!»

«ትናንት ሰረቀ አሉን» አለች ሳጅኗ። «ዛሬ ሞላ ይሉናል። አጉድሎ የሄደ ሌባ አውቃለሁ፤ ውሃ ቀድቶ የሚሞላ ሌባ ግን ዛሬ ሰማሁ። ይቅደሙ፣ መኪናው ውጭ ነው።»

እሱን ይዛው ስትወጣ ኢንስፔክተሩ ብቻቸውን ቀሩ። አንድ በርሜል ላይ ተቀመጡ። ሰውየው የወደቀበት ውሃ ነው፤ የበሰበሰውም በውሃ ነው። ቀለሙ ኋላ መጥቶ ነው ከላይ የፈሰሰው። ያፈሰሰው ሰው በርሜሉ የቀለም በርሜል እንዲባል የፈለገ ነው። ቁልፍ ያለው ነው። ሥራ አስኪያጁ መድረክ ላይ ነበር። እንግዲህ…

«እናንተዬ» አሉ ለባዶው መጋዘን። እጅጌው ሁለት ጊዜ የታጠፈው ሸሚዝ ዓይናቸው ላይ መጣ።

ሳጅኗ ስትመለስ፣ «ቁልፌ ሠፈር ሂጂና እሁድ ቧንቧ ፈንድቶ እንደሆነ ጠይቂልኝ» አሏት።

ከሰዓት በኋላ መጣች። እንደ ወትሮዋ አልቀለደችም። «ሠፈሩ ውሃ ከጠፋበት ሁለት ሳምንት አልፎታል ጋሽ ቀስ። ሴቶቹ ‹ቧንቧ ፈነዳ› ስላቸው የት ነው ብለው ጀሪካን ይዘው ሊወጡ ነበር።»

ያን ዕለት ሬሳውን የመረመረችው ሐኪም ደወለች። ኢንስፔክተሩ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርገው ረጅም ጊዜ አደመጡ።

«ጎድኑ ተሰብሯል፣ ጭንቅላቱ ተመትቷል፤ ራሱን ስቶ ነበር» አለቻቸው። «ግን ጉሮሮው ውስጥ፣ ከዚያም ወርዶ ሳንባው ውስጥ ቀለም አለ። የሞተ ሰው ቀለም ወደ ውስጥ አይስብም። ቀለሙ ሲፈስ ይተነፍስ ነበር። አፉ ወለሉ ላይ ነበር፤ ቀለሙ ሲንጣለል ደረሰበት።»

«ያኔ ሐኪም ቤት ቢያደርሱት?»

«ይተርፍ ነበር ብዬ አልምልም። አይተርፍም ነበር ብዬም አልምልም።»

*

በማግስቱ ጧት ቁልፌን ያመጡት ያለ ካቴና ነው። ሊጠይቁት ሲጀምሩ ቁልፎቹን ከወገቡ ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ ከዚያ በኋላ ሰውየው የቀለለው ይመስል ነበር።

«ጌታዬ፣ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነው» አለ። «ከሥሩ ልንገርዎት። የዛሬ ሦስት ዓመት ባንኩ ብድሩን ሊያቋርጥ ነው ተባለ። ሥራ አስኪያጁ ጋሽዬን ጠርቶ ‹ለዘንድሮ ብቻ› አለው። ‹መጋዘኑ ሙሉ መስሎ ይታይ። ዱቄቱ ሲመጣ ውሃውን ደፍተን ቀለም እንሞላበታለን። እምቢ ካልክ ነገ በሩ ይዘጋል፤ ይህ ሁሉ ባለ ልጅ ይበተናል።› ጋሽዬ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም። ከዚያ እኔን ጠራኝ። ጎማውን ይዤ ውሃውን የሞላሁት እኔ ነኝ። ለሰው ብለን ነው፣ ይሙት! በዓመቱ ዱቄቱ አልመጣም፤ በርሜል ጨመርን። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ ነገሩ።»

«እሁድስ?»

«አክሲዮን የሚባለው ሲመጣ ጋሽዬ ታመመ። ‹እስካሁን የባንክ ገንዘብ ነው ብዬ ራሴን ሳታልል ነበር፤ ይሄ ግን የሠራተኛው ነው› አለኝ። እሁድ ደወለልኝ። ‹የኋላውን በር ክፈትልኝ። የውሃውን በርሜሎች ወደ ፊት አውጥቼ፣ የቀለሙን ወደ ኋላ አደርጋለሁ። ነገ ኦዲተሮቹ መጀመሪያ የሚከፍቱት ውሃውን ይሁን። ከዚያ እኔ እናገራለሁ።› ከፈትኩለት። ከፍቼ ደግሞ እግሩ ላይ ወደቅሁ። ‹እኔና አንተ እንታሰራለን። እትዬስ? እትዬን ማን ያስተዳድራታል?› አልኩት። ‹እትዬህን ዓይኗን ማየት ካቃተኝ ሦስት ዓመቴ ነው› አለኝ።»

ሳጅኗ መጻፏን አቆመች።

«ክዳኑን ፈትቶ ውሃ መሆኑን አይቷል፤ በብረት ይፈነቅለዋል። ብረቱን ከእጁ ልነጥቅ ሳብኩት። በርሜሉ ተንሸራተተ። በርሜሉም ውሃውም ላዩ ላይ…» ቁልፌ ትንፋሽ አጠረው። «ጠራሁት። ነቀነቅሁት። ዝም አለኝ። ከዚያ ወለሉን አየሁ፤ ውሃ ብቻ። ነገ ሰው ሲገባ ምን ይላል? ሚዛን ውሃ በቀለም ስም ሲቆጥር ኖረ ይላል። እትዬ ትሰማለች። ቀለም ከሆነ ግን አደጋ ነው። ስሙ ይተርፋል፣ እሷም ካሳ ታገኛለች። ውሃውን ጠርጌ፣ ከፊተኛው በርሜል ቀለም ቀድቼ አፈሰስኩ። ለሰው ሁሉ ‹ግድግዳችሁ ሳይደርቅ አትቀቡ› ስል የኖርኩት እኔ፣ እርጥብ ሰው ቀባሁ። ስሙን ልሸፍንለት ብዬ ነው እንጂ ጌታዬ…»

ቀና አለ። ፊቱ እንደ ሕፃን ፊት ተከፍቷል።

«ግን አልተሰማውም አይደል? ቀለሙ ሲፈስ ሞቶ ነበር አይደል?»

ያች አፈኛ ሳጅን ኢንስፔክተሩን አየቻቸውና በጣም በቀስታ ራሷን ነቀነቀች። አይንገሩት ማለቷ ነው። እሳቸውም ልባቸው ከሷ ጋር ነበር። «አዎ፣ ሞቶ ነበር» ቢሉት ምን ይጎድላል? ሰውየው እንደሆነ እስር ቤት ነው የሚገባው። ማታ ማታ የሚተኛበት አንዲት ቃል ቢሰጡትስ? ለዛሬ ብቻ።

«ለዛሬ ብቻ» የምትለዋ ቃል ግን አንደበታቸው ላይ መረረቻቸው።

«አልሞተም ነበር፣ ልጄ» አሉት።

ቁልፌ አልጮኸም። ሐኪሟ ያለችውን አንድ በአንድ ነገሩት፤ ያላለችውን አልጨመሩም። «ይተርፍ ነበር አትልም፤ አይተርፍም ነበርም አትልም። እኔም አላውቅም።» ቁልፌ መዳፎቹን ገልብጦ አያቸው፣ ደግሞ መልሶ ገለበጣቸው። ኢንስፔክተሩ ውሃ ቀድተው ወደሱ ገፋ አደረጉለት። አልነካውም።

«እትዬ ውጭ ናት አይደል?» አለ በመጨረሻ።

«ከጧት ጀምሮ። ብርድ ልብስ ይዛልህ መጥታለች። ወንድሜን በስሕተት ነው የያዛችሁት ትላለች።»

«እርስዎ ይንገሯት። ወይም አይንገሯት። አደጋ ነው ይበሏት። እባክዎ።»

ኢንስፔክተሩ ወንበራቸውን ወደሱ አስጠጉ። «ስማኝ። እህትህ ካሳ አልጠየቀችኝም። ባሌ ምን ነበር ብላ ነው የጠየቀችኝ። ሥራ አስኪያጁ ሌባ ነበር ይላል። ፊርማው ደግሞ አጭበርባሪ ነበር ይላል። እሁድ ዕለት ውሃውን በገዛ እጁ ወደ ብርሃን ሊያወጣ እንደነበር በዚህ ዓለም ላይ የሚያውቅ ሰው አንተ ብቻ ነህ። እኔ ብነግራት የፖሊስ ወሬ ነው። አንተ ስትነግራት ታምናለች። ግን እሱን ለመንገር ሌላውንም መንገር አለብህ። ግማሹን ሸፍነህ ግማሹን ልታሳያት አትችልም።»

«ትጠላኛለች።»

«ትጠላህ ይሆናል።»

ቁልፌ ግድግዳውን አየ። ከዚያ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

ሳጅኗ በሩን ከፈተች። እህትየው ብርድ ልብሱን ደረቷ ላይ አቅፋ ገባች። ማንንም ሰላም ሳትል ቀጥ ብላ ወደ ወንድሟ ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ብርድ ልብሱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጋ ሁለቱንም እጆቹን ያዘች።

«እንዴት ቀዝቅዘሃል! ምን አድርገውህ ነው?»

«እትዬ» አላት፣ «አስቀድመሽ እጄን ልቀቂኝ።»

«ምን ሲባል?»

«ልቀቂኝ እትዬ። የምነግርሽ አለ።»

አልለቀቀችውም። እንዲያውም አጥብቃ ያዘችው። እሱም እጆቹ እጆቿ ውስጥ እንዳሉ፣ ከእሁዱ የስልክ ጥሪ ጀምሮ ይነግራት ጀመር።